የሞርጌጅ ዲላችሁ ሊያልቅ ነው? እነዚህን ወሬዎች አትመኑ

እንግሊዝ አገር በሞርጌጅ፣ ማለትም ቤቱን አስይዞ በሚወሰድ የባንክ ብድር፣ ቤት የገዛ ሰው ይህች ቀን አትቀርለትም። ለ2 ወይም ለ5 ዓመት የታሰረው ወለድ፣ ዲል የሚሉት፣ ያበቃል፣ ባንኩም ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው ሳይከፈት ይከርማል። ከዚያ ከቤተክርስቲያን መልስ ሻይ ላይ፣ ወይም ክርስትና ቤት፣ ወሬው ይነሳና ሁሉም የሰማውን ይናገራል። ግማሹ ልክ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ገንዘብ ያስወጣል።

"ዲሉ ሲያልቅ ባንኩ ራሱ ሌላ ይሰጠኛል"

አይሰጥም። ዝም ካላችሁ ብድሩ ባንኩ በራሱ ፈቃድ ከፍ ዝቅ ወደሚያደርገው ወለድ ይገባል፤ ኤስቪአር የሚሉት እሱ ነው። ይሄ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ ፊክስድ (የታሰረ ወለድ) በብዙ ይበልጣል። ለምሳሌ 200,000 ፓውንድ ብድር ቀርቷችሁ በ25 ዓመት የምትከፍሉት ቢሆን፣ በ4.5 በመቶ ወርሃዊው ወደ 1,112 ፓውንድ ነው። ኤስቪአሩ 7.5 በመቶ ከሆነ 1,478 ይደርሳል። በየወሩ 366 ፓውንድ፣ ያውም አንድ ስልክ ባለመደወል!

ኤስቪአር የሚያዋጣበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። ቤቱን በቅርብ ወራት ልትሸጡ ወይም ብድሩን ልትዘጉ ካሰባችሁ፣ ብዙውን ጊዜ የመውጫ ቅጣት ስለሌለው ይሻላል። ከዚያ ውጪ ግን ስንፍና ነው፣ ይቅርታ።

"መጀመሪያ ዲሉ ይለቅ፣ ከዚያ አያለሁ"

ካለቀ በኋላ መሯሯጥ ስትጀምሩ ኤስቪአሩ መቁጠር ጀምሯል። አብዛኞቹ ባንኮች ከ4 እስከ 6 ወር አስቀድማችሁ አዲስ ወለድ እንድትይዙ ይፈቅዳሉ። "ይዤው ወለድ ቢወርድስ?" የሚል አለ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። አዲሱ ዲል እስኪጀምር ድረስ ብዙ ጊዜ መቀየር ትችላላችሁ። በሰኔ 2023 መንግሥትና ትልልቆቹ አበዳሪዎች የተስማሙበት የሞርጌጅ ቻርተር የሚሉት ሰነድም፣ እዚያው ባንካችሁ ለምትቆዩ ሰዎች ይህንኑ ይላል። ስለዚህ ቀድሞ መያዝ ወለዱ ቢጨምር ያድናችኋል፣ ቢቀንስ ደግሞ አያስራችሁም። ግን ባንኩ ራሱ ደውሎ "ወርዷልና ልቀይርላችሁ" አይላችሁም፤ ማየቱ የእናንተ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ ቀኑ። ፊክስዱ ሳያልቅ ወደ ሌላ ባንክ ከወጣችሁ ቅጣት አለ፣ እንደ ውሉ ከብድሩ 1 እስከ 5 በመቶ ሊሆን ይችላል። ዲላችሁ ጥቅምት 31 የሚያልቅ ከሆነ አዲሱ ብድር ህዳር 1 ወይም ከዚያ በኋላ መጀመር አለበት (የፈረንጆቹን ማለቴ ነው)። ሶሊሲተሩ (ጠበቃው) ተሳስቶ በአንድ ቀን ቢያስቀድመው፣ 1 በመቶ እንኳ ቢሆን በ200,000 ላይ 2,000 ፓውንድ ነው። ቀኑን በስልክ ብቻ አትንገሩት፣ በኢሜይል ጻፉለት።

"ባንክ መቀየር ግዴታ ነው፣ እንደ አዲስ ያስለቅሱሃል"

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እዚያው ባንክ ሆኖ አዲስ ዲል መምረጥ ነው፣ ፕሮዳክት ትራንስፈር ይባላል። ብድር ካልጨመራችሁና የመክፈያ ዘመኑን ካልነካችሁ አብዛኛውን ጊዜ ፔይስሊፕ (የደመወዝ ወረቀት) አይጠየቅም፣ ጠበቃም የለም፣ ስልካችሁ ላይ ባለው አፕ ያልቃል። ሌላው ወደ ሌላ ባንክ መዞር ነው። እሱ የገቢ ማስረጃም የቤት ግምትም ይፈልጋል፣ ሳምንታትም ይወስዳል፤ የግምቱንና የጠበቃውን ወጪ ግን ብዙ ጊዜ አዲሱ ባንክ ይችለዋል። የባንካችሁን ዋጋ እዩ፣ ከዚያ ከውጭው ጋር አወዳድሩት። ያለ ንጽጽር መፈረም ነው ጥፋቱ።

"እኔ ታክሲ ነው የምነዳው፣ ማን ይቀበለኛል?"

ይሄ ወሬ ስንቱን ሾፌር ኤስቪአር ላይ አስቀርቶታል! በራሱ የሚሠራ ሰው ባለበት ባንክ ሲቆይ ገቢው ብዙ ጊዜ ከነጭራሹ አይጠየቅም። ባንክ መቀየር ከፈለገ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት የግብር ማስረጃ፣ ኤስኤ302 የሚሉትን፣ ማቅረብ ይኖርበታል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ግብር ለመቀነስ ገቢውን አሳንሶ ያሳወቀ ሰው ባንኩም የሚያየው ያንኑ ትንሽ ገቢ ነው።

"ወለዱ ዝቅ ያለው ዲል ምንጊዜም ይሻላል"

ክፍያውንም እዩ። ዝቅ ያለው ወለድ ብዙ ጊዜ 999 ፓውንድ የሚያህል የማመቻቻ ክፍያ ይዞ ይመጣል። ብድራችሁ 150,000 ቢሆንና ልዩነቱ 0.2 በመቶ ቢሆን፣ በ2 ዓመት የምታተርፉት ወደ 600 ፓውንድ ነው፤ ያኔ ትከስራላችሁ። ብድሩ 400,000 ከሆነ ግን ወደ 1,600 ታተርፋላችሁ፣ ያኔ 999ኙ ያዋጣል። ክፍያውን ብድሩ ላይ መጨመርም ይቻላል፣ ግን ወለድ እየወለደ ዓመታት ይከርማል።

"ብሮከር ገንዘብ መብላት ነው"

ብሮከር ሞርጌጅ የሚያፈላልግላችሁ ደላላ ነው። አንዳንዱ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ከባንኩ በሚያገኘው ኮሚሽን ብቻ ይሠራል። ገና ሳትጀምሩ ጠይቁት፤ ሁሉንም ባንኮች ያያል ወይስ የተወሰኑትን ብቻ?

"የቤቴ ዋጋ ጨምሯል፣ በሱ ተጨማሪ ብድር አውጥቼ አዲስ አበባ ቤት ልሥራበት"

ይቻላል። ግን ባንኩ ገንዘቡ ለምን እንደሆነ ይጠይቃል፣ ውጭ አገር ለሚገዛ ቤት የማይሰጥም አለ። "ኩሽና ላድስበት ነው" ብሎ ፎርም ላይ መዋሸት ደግሞ ማጭበርበር ነው፣ ማንም ጓደኛ "ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው" ቢላችሁ።

ሒሳቡም እንደሚወራው ቀላል አይደለም። 50,000 ፓውንድ በ4.5 በመቶ ለ25 ዓመት ብትጨምሩ በወር ወደ 278 ፓውንድ ነው፣ ወለዱ እንዳለ ቢቆይ በጠቅላላው ከ83,000 በላይ ትመልሳላችሁ። ሌላም አለ። ባንክ ወለዱን የሚወስነው ብድሩ ከቤቱ ዋጋ ስንት እጅ እንደሆነ አይቶ ነው። ከ60 በመቶ ወደ 75 ከዘለላችሁ፣ ወደ ሌላ ባንክ ስትዞሩ ከፍ ያለው ወለድ በአዲሱ 50,000 ላይ ብቻ ሳይሆን በሙሉው ብድር ላይ ነው የሚያርፈው። አዲስ አበባ ሰሚት ያለው ግንባታ ቢቆም እንኳ፣ መያዣው ልጆቻችሁ የሚተኙበት የለንደኑ ቤት ነው። እኔ በበኩሌ አላደርገውም።

"ወለድ ወደ 1.5 ይመለሳል፣ እስከዚያ ልታገስ"

ያ ጊዜ የኮቪድ ጊዜ ነበር። ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ መነሻ ወለዱን በመጋቢት 2020 ወደ 0.1 በመቶ አወረደው፣ ከታህሳስ 2021 ጀምሮ እያነሳው በነሐሴ 2023 5.25 አደረሰው። 0.1ን እንደ መደበኛ ቆጥሮ ኤስቪአር ላይ መጠበቅ ውድ ነው። ወለዱ ይወርዳል ብላችሁ ካመናችሁ የ2 ዓመት ፊክስድ ወይም የመውጫ ቅጣት የሌለው ትራከር (ከመነሻ ወለዱ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ዲል) ያዙ።

ከወለድ ነፃ በሆነው የሀላል የቤት ግዢ ፕላን የገዛችሁም አልተረፋችሁም፤ የታሰረው የኪራይ መጠን ሲያበቃ እናንተም ወደ ተለዋዋጩ ትገባላችሁ።

"መክፈል ካቃተኝ ለባንኩ ባልናገር ይሻላል፣ ቤቱን ይወስዱታል"

ተቃራኒው ነው። ምክር ለመጠየቅ መደወል የክሬዲት ነጥባችሁን አይነካም፣ ክፍያ መዝለል ግን ይነካል። ቻርተሩን በፈረሙ ባንኮች ዘንድ፣ ክፍያው ያልተቋረጠበት ሰው ለ6 ወር ወለዱን ብቻ መክፈል ወይም የመክፈያ ዘመኑን ማራዘም ይችላል፤ ላራዘመም በ6 ወር ውስጥ ወደ ቀድሞው የመመለስ ዕድል አለው። አንድ ክፍያ ያመለጠውን ሰውም ቢሆን፣ ካመለጠበት ቀን አንስቶ 12 ወር ሳይሞላ ያለፈቃዱ ከቤቱ አያስወጡትም።