የሽሮ ሜዳ ሽመና

ሽሮ ሜዳ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። የሀበሻ ልብስ ሱቆቹ ዳር መንገዱን ይዘዋል። ሽመናው ከኋላቸው፣ ዳገቱ ላይ ባሉት ቤቶች ነው።

ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ በተለይ ከዶርዜ የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። ጋሞ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ ነው መምጣት የጀመሩት። በደርግ ጊዜ በማኅበር ተደራጅተው ነበር።

ሸማኔው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ መርገጫውን ያፈራርቃል። ድሩ ይከፈታል፤ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ያልፋል። ጥለት ላይ ሲደርስ ግን ሥራው ይዘገያል። ባለቀለሙን ክር በጣቱ እየቆጠረ ነው የሚያስገባው። ድሮ ንድፉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር። አሁን ደንበኛ የላከችውን ፎቶ ስልኩ ላይ እያየ የሚሠራም አለ።

ፋብሪካ መጀመሪያ የነካው ሽመናውን ሳይሆን ፈትሉን ነው። ድር ጠንካራ ክር ስለሚፈልግ የእጅ ፈትሉ በፋብሪካ ክር ቶሎ ተተካ። ማጉ፣ በተለይ ለጋቢ፣ በእንዝርት የተፈተለ ሆኖ ቆየ። ገቢያቸው የቀነሰው ፈታይ ሴቶች ናቸው፤ ስለ ለውጥ ሲወራ ግን የሚነሳው ሸማኔው ብቻ ነው። ቆይቶ ሳባና መነን የሚባሉት የፋብሪካ ክሮች መጡ።

የእጅ መወርወሪያ ከክንድ በላይ ስለማይሄድ ጨርቁ ጠባብ ነው፤ ነጠላም ሁለቱ ተጋጥሞ ይሰፋል። መወርወሪያው በገመድ የሚሳብበት፣ ወንበር ያለው ዘመናዊ የሽመና ዕቃ ይህን ፈትቷል። ለአልጋ ልብስና ለመጋረጃ ግሩም ነው። ጣት የሚሠራውን ጥለት ግን አያፋጥንም።

ከባዱ ፈተና ከቻይና የሚገባው፣ ጥለት የታተመበት ጨርቅ ነው። ርካሽ ነው፤ ሽሮ ሜዳም ራሱ ይሸጠዋል። ሽመናውን ያጠፋዋል የሚሉ አሉ። የእጅን ሥራ የሚያውቅ ሰው ግን አንዴ በዳሰሳ ይለየዋል። መሀል መንገድም ተገኝቷል፦ ሸማኔው ጥለቱን ብቻ ይሠራል፣ ልብስ ሰፊው ሽፎን ላይ ይገጥመዋል።

ከጋሞ የመጡ ሕፃናት በሽመና ጉልበታቸው መበዝበዙ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ሙያው ከአባት የሚወረስ ነው ብለው የሚከራከሩም አሉ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ነውና ከበዓል በፊት ሥራው ይጦፋል። ትእዛዙ በቴሌግራም ይመጣል፤ ቴሌብር ከጀመረበት ከግንቦት 2013 ወዲህ ክፍያውም በስልክ ሆኗል። ክሩን ከነጋዴ በዱቤ ወስዶ ልብሱን ለዚያው ነጋዴ የሚያስረክብ ሸማኔ ግን ገዢውን አያገኘውም፤ ትርፉም ያው ከሱቁ አያልፍም።