«ጤናማ አእምሮ በጤናማ አካል ውስጥ ይገኛል»፦ ከየት መጣ? ምን ማለትስ ነው?

ስለ ስፖርት ጥቅም ንግግር የሚያደርግ ሰው ይህችን አባባል ሳይጠራ አይወርድም። የምንረዳትም «ሰውነትህን አጠንክር፣ አእምሮህ ይከተላል» በሚል ነው። መነሻዋ ግን የስፖርት ሜዳ አይደለም።

የሮማው ገጣሚ ጁቬናል በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በጻፈው 10ኛው የስላቅ ግጥሙ፣ ሰው ሀብት፣ ሥልጣን፣ መልክና ረጅም ዕድሜ እየለመነ፣ የተሰጠው ነገር እንዴት መልሶ እንደሚያጠፋው ያሳያል። ወደ መጨረሻው፣ መለመን ካልቀረ ጤናማ አእምሮ በጤናማ አካል ይለመን ይላል። ጸሎት ነው እንግዲህ። አንዱ ካለ ሌላው አይቀርም አላለም። «ይገኛል» የምትለዋ ማሰሪያ አንቀጽ ከእሱ በኋላ የተጨመረች ናት።

ያም ሆኖ ጭማሪዋ ባዶ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ የአሜሪካ ጥናት 120 አረጋውያን ለሁለት ተከፍለው ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። ግማሾቹ በሳምንት 3 ቀን፣ እስከ 40 ደቂቃ ድረስ ፈጠን ብለው ተራመዱ፤ የቀሩት ሰውነት ማፍታታት ብቻ ሠሩ። ከዚያ የሁሉም ሂፖካምፐስ ተለካ። ይህ የባሕር ፈረስ የሚመስል፣ አዲስ ትዝታ የሚቀረጽበት የአንጎል ክፍል ሲሆን በእርጅና እየሟሸሸ ይሄዳል። የተራማጆቹ 2 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኘ፤ የሌሎቹ ቀንሶ። ሩጫ እንኳ አልነበረም፣ እርምጃ ነው።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆንም ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኦክስጅን አንድ አምስተኛውን ያህል ይወስዳል፤ ስንንቀሳቀስ ወደ እሱ የሚሄደው ደም ይጨምራል። ቢዲኤንኤፍ የሚባል፣ የነርቭ ሴሎችን እድገትና ትስስር የሚደግፍ ፕሮቲንም ከፍ ይላል። እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ በፊትም አንድ ዓረፍተ ነገር አልቋጭ ሲለኝ ተነሥቼ እወጣ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ማሰሪያው የሚመጣልኝ ደጅ ነው።

ቅር የሚለኝ አባባሏ ስትገለበጥ ነው። አካሉ የታመመ ሰው አእምሮውም ጤና የለውም የሚያሰኝ ነገር አላት፤ ዓመታት አልጋ ላይ ሆኖ ከማናችንም በላይ አጥርቶ የሚያስብ ሰው ሞልቷል። ለጁቬናል ሐሳብ የሚቀርበው «ይገኛል» ሳይሆን የምርቃታችን «ይስጥህ» ነው፦ ጤናማ አእምሮ ከጤናማ አካል ጋር ይስጥህ።