የኢተርኔት ስዊች ቺፕ ድራይቨር ግምገማ፦ ከወሎ የተሰናዳ አጠቃላይ ዳሰሳ

የስዊች ቺፕ ድራይቨር ማለት የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ባለ ብዙ ፖርት (የገመድ መሰኪያ) የኔትወርክ ቺፕን እንዲያዝ የሚያስችለው ኮድ ነው። ኮዱ ወደ ዋናው ከርነል ከመግባቱ በፊት ሌሎች ባለሙያዎች መስመር በመስመር ይመረምሩታል፤ ግምገማ የሚባለውም ይኸው ነው። ስለዚህ ሥራ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እምብዛም ስለሌለ፣ ይህ ዳሰሳ ደሴ ላይ ከከርነሉ ሰነዶችና ከኮዱ የለውጥ መዝገብ ተሰናድቷል። ሁለቱም አንድ ጊዜ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይነበባሉ፤ ለእኛ ይህ ቀላል ጸጋ አይደለም።

አሠራሩ ለወሎ ሰው እንግዳ አይሆንም። በዋድላ የቅኔ ቤት ተማሪው በቆጠራ ያዘጋጀውን ቅኔ ይዞ ለነገራ ይቀርባል። ቤቱ ሲሰበር ወይም ሰሙ ከወርቁ ሲጣላ መምህሩ ይመልሰዋል፤ ተማሪውም አርሞ ዳግም ይመጣል። በከርነሉም የተመለሰ ኮድ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እትም እየተባለ ይቀርባል፤ አሥረኛ መድረሱም ብርቅ አይደለም። ከዋድላ፣ ከዋሸራና ከጎንጅ የቅኔ ቤቶች የቱ ይበልጣል የሚለው ጥያቄ ያከራክራል፤ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ዋድላን ያስቀድማል።

ታሪክ

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ቢጀመርም፣ አነስተኛ የስዊች ቺፖች የራሳቸውን መዋቅር ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2008 ከከርነል 2.6.28 ጋር ነው። ዲኤስኤ የተባለው ይህ መዋቅር መጀመሪያ የደገፈው የማርቬልን ቺፖች ነበር። ሐሳቡ ያምራል፤ እያንዳንዱ ፖርት ለከርነሉ ራሱን የቻለ የኔትወርክ ካርድ መስሎ ይታያል። በቺፑና በሲፒዩው መካከል የሚመላለሰው ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) ደግሞ ከየትኛው ፖርት እንደመጣ ወይም ወደየትኛው እንደሚሄድ የሚናገር አጭር ምልክት ይለጠፍበታል። እስከ እ.ኤ.አ. 2014 ድረስ ብዙ እንቅስቃሴ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የብሮድኮም ቺፕ ድጋፍ ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የተጀመረው ስዊችዴቭ ደግሞ የሶፍትዌር ብሪጅን (ፖርቶችን እርስ በርስ የሚያገናኘውን የከርነል ክፍል) ሥራ ወደ ቺፑ የማውረጃ የጋራ መንገድ ሆነ። አንድ ቺፕ በዲኤስኤ ይጻፍ ወይስ በቀጥታ በስዊችዴቭ የሚለው አንዳንዴ ያወዛግባል። ከሌላ የኢተርኔት መቆጣጠሪያ ጀርባ የሚቀመጥ ቺፕ ግን ቦታው ዲኤስኤ ነው፤ ብዙ የሚያነጋግር አይደለም።

ገምጋሚው የሚያየው

የመጀመሪያው ጥያቄ ፖርቶቹ ብሪጅ ውስጥ ሳይገቡ በፊት ምን ያደርጋሉ የሚለው ነው። ብዙ ቺፖች ኤሌክትሪክ እንዳገኙ ሁሉንም ፖርት ከሁሉም ያገናኛሉ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ የሒሳብ ክፍሉን በአንዱ ፖርት፣ የጥበቃ ካሜራዎቹን በሌላው ቢያስገባ፣ አስተዳዳሪው ካላዘዘ በቀር ሁለቱ መተያየት የለባቸውም። ስለዚህ ድራይቨሩ ሥራ ሲጀምር ፖርቶቹን እርስ በርስ መለየት አለበት። ይህን የዘነጋ ድራይቨር ሲሞከር ደህና ይመስላል፤ ፓኬቱ ይደርሳላ! ችግሩ መድረስ የሌለበት ቦታም መድረሱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቺፑ የማይችለውን ሥራ ይመለከታል። ድራይቨሩ «አልችልም» ብሎ በሐቅ ከመለሰ፣ ብዙውን ጊዜ ከርነሉ ሥራውን በሶፍትዌር ይሠራዋል፤ ይዘገያል እንጂ ይሠራል። «እሺ» ብሎ ዝም ያለ ድራይቨር ግን ተጠቃሚውን ያታልላል። በእኔ ግምት ከጥፋቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

ሦስተኛው ጥቃቅን የሚመስለው ነው። ሲፒዩው ቺፑን በሚያዝበት በተለመደው የኤምዲአይኦ መስመር ከቺፑ የሚነበበው የሬጅስተር (በቺፑ ውስጥ ያለ ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ) ዋጋ 16 ቢት ነው። መልስ ሳይመጣ ጊዜው ካለፈ የንባቡ ተግባር አብዛኛውን ጊዜ −110 የሚል የስህተት ቁጥር ይመልሳል። ጸሐፊው ይህን ተመላሽ አሉታዊ ቁጥር በማይዝ ባለ 16 ቢት ተለዋዋጭ ካስቀመጠው 65426 ይሆናል። ቀጥሎ ያለው «ከዜሮ ያነሰ ነው ወይ?» የሚል ፍተሻ ምንጊዜም «አይደለም» ይላል፤ ድራይቨሩም ያልመጣውን መልስ እንደመጣ ቆጥሮ ይቀጥላል። ኮዱ ያለ ስህተት ይጠናቀራል፤ ጥፋቱን የሚያየው የሰው ዓይን ነው።

ሥርዓቱም አለ። በአንድ ፓች (ለግምገማ በሚላክ የኮድ ማሻሻያ) አንድ ለውጥ ብቻ ይቀርባል፤ የኔትወርክ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ከ15 የበለጡ ፓቾችን አይወድም፤ አቅራቢው በስሙ ይፈርማል። በአንድ ተግባር ውስጥ ያሉ የተለዋዋጮች መግለጫዎች ከረጅሙ ወደ አጭሩ ይደረደራሉ። አዲስ የከርነል ዙር ሲከፈት ለሁለት ሳምንት ያህል አዲስ ሥራ አይታይም። ሁሉም የሚላከው በተራ የኢሜይል ጽሑፍ በመሆኑ ደካማ መስመርም ይበቃዋል።

በእኛ አካባቢ

የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው ኮምቦልቻ ነው። ለመለማመድ ግን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ የራውተር ስርዓት ከ21.02 እትሙ ጀምሮ የዲኤስኤ ድጋፍ ስላለው፣ እርሱን የሚቀበል አሮጌ የቤት ራውተር ይበቃል። ራውተሩ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ገመዱ ከሦስተኛው ፖርት ሲነቀል፣ ከርነሉ ላን3 መቋረጡን ይመዘግባል። የነቀሉት ሦስተኛውን ሆኖ ሳለ ላን2 ተቋረጠ ካለ፣ በሳጥኑ ላይ የታተመው ቁጥርና ሃርድዌሩን ለከርነሉ በሚገልጸው የዲቫይስ ትሪ ፋይል የተጻፈው አልተገናኙም። ፓቹም ይመለሳል።