«ከደሙ ንጹሕ ነኝ»፦ የጲላጦስ ቃልና የመስቀሉ ደም

የእድር ገንዘብ ሲጎድል ገንዘብ ያዡ ይላል። ፋይል ሲጠፋ ከኃላፊው እስከ መዝገብ ቤት ሠራተኛው ሁሉም ይላል። ትዳር ሲፈርስ ሲያማክሩ የከረሙ ዘመዶች፣ ሰው በሐሰት ሲታሰር እውነቱን የሚያውቅ ጎረቤት እንዲሁ ይላል፦ «እኔ ከደሙ ንጹሕ ነኝ።» ደም ያልፈሰሰበት ጉዳይም ቢሆን አነጋገሩ ያው ነው። በአጭሩ «በዚህ ጥፋት እጄ የለበትም፤ ጠያቂም ከሳሽም ወደ እኔ አይምጣ» ማለት ነው። ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላም አለ፤ «እንደ ጲላጦስ እጁን ታጠበ» እንላለን። የመጀመሪያውን ሰው ስለ ራሱ ይናገረዋል፣ ሁለተኛውን ሌሎች ስለ እርሱ ይናገሩታል። አንዱ መከላከያ ሌላው ክስ ነው፤ የወጡት ግን ከአንድ ሰው አፍና እጅ፣ በአንድ ዓርብ ጠዋት ነው።

ታሪኩ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27 ላይ ይገኛል። ጲላጦስ ሁከት እንጂ ሌላ ምንም እንደማይገኝ ባየ ጊዜ ውኃ አንሥቶ በሕዝቡ ፊት እጁን ታጠበ፤ «እኔ ከዚህ ጻድቅ ሰው ደም ንጹሕ ነኝ፤ እናንተ ተጠንቀቁ» አለ። ሁለት ቁጥር ዝቅ ስንል ደግሞ እስረኛውን በርባንን ፈታላቸው፣ ኢየሱስን ግን ገርፎ ሊሰቀል አሳልፎ ሰጠ ይላል። ትእዛዙ የወጣው ከታጠበው ሰው ነው። አነጋገሩን ስንጠቀም ይህችን ቁጥር ብዙ ጊዜ እንዘላታለን፤ ነገሩ ያለው ግን እዚያው ላይ ነው።

ጰንጤናዊው ጲላጦስ እ.ኤ.አ. ከ26 እስከ 36 የሮማ መንግሥት የይሁዳ ገዥ ነበር። በ1961 እ.ኤ.አ. በቂሣርያ በተደረገ ቁፋሮ ስሙና ሹመቱ የተቀረጸበት ድንጋይ ተገኝቷል። ለደም እንግዳ ሰው አልነበረም። ሉቃስ በምዕራፍ 13 የገሊላ ሰዎችን ደም ከመሥዋዕታቸው ጋር እንዳደባለቀ ይነግረናል፤ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዩስ ዮሴፍ (ዮሴፉስ) ደግሞ ከሹመቱ ተነሥቶ ወደ ሮም የተጠራው በሳምራውያን ላይ ባደረሰው እልቂት እንደ ነበር ጽፏል። እንዲህ ያለው ሰው በዚያች ጠዋት ስለ አንድ እስረኛ ደም መጨነቁ ያስገርማል። ሦስት ጊዜ «በደል አላገኘሁበትም» ብሏል። ጉዳዩን ከላዩ ለማውረድ ወደ ገሊላው ገዥ ወደ ሄሮድስ ሰድዶታል። በፍርድ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለም ሚስቱ «ስለ እርሱ ዛሬ በሕልም እጅግ መከራ ተቀብያለሁና በዚያ ጻድቅ ሰው ምንም አታድርግ» ብላ ልካበታለች። ታዲያ ምን ያዘው? ዮሐንስ ይነግረናል፦ «ይህንስ ብትፈታው የቄሣር ወዳጅ አይደለህም» የሚለው ጩኸት። ለእንጀራው ፈራ። እውነቱን አላጣውም፤ ከወንበሩ ጋር መዝኖት ወንበሩ በለጠበት።

እጅ መታጠቡም ዝም ብሎ የመጣ ድርጊት አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 ላይ አንድ ሥርዓት አለ። ሰው በሜዳ ተገድሎ ገዳዩ ካልታወቀ፣ በአቅራቢያው ያለችው ከተማ ሽማግሌዎች ቀንበር ያልተጫነባት ጊደር ይዘው፣ ውኃ ወደሚፈስበት ሸለቆ ወርደው፣ የጊደሪቱን አንገት ይሰብራሉ፤ በእርስዋም ላይ እጃቸውን ታጥበው «እጃችን ይህን ደም አላፈሰሰችም፣ ዓይናችንም አላየችም» ይላሉ። በአደባባዩ የቆሙት አይሁድ ምልክቱን ከዚህ ሕግ ያውቁታል። ሽማግሌዎቹ ግን ገዳዩን አላዩም፣ አላወቁም፣ ሊያስጥሉም አልቻሉም። ጲላጦስ አይቷል፣ አውቋል፣ «ልሰቅልህ ሥልጣን እንዳለኝ ወይም ልፈታህ ሥልጣን እንዳለኝ አታውቅምን?» ብሎም ከራሱ አፍ መስክሯል። ላላወቁ ሰዎች የተሠራውን ሥርዓት እያወቀ ተጠቀመበት። እኔ እንደሚመስለኝ አነጋገሩ በሰው አፍ ሲነገር ጆሮ የሚቆረቁረው ለዚህ ነው። ሥልጣን የሌለው ሰው ሲለው ያሳዝናል፤ ሥልጣን ያለው ሲለው ያስቆጣል።

ቃሉ በእውነት የሚነገርበት ቦታም አለ። ሐዋርያው ጳውሎስ በሚሊጢን የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሲሰናበት ከሁሉ ደም ንጹሕ መሆኑን መስክሮላቸዋል፤ ምክንያቱንም አስከትሏል፣ የእግዚአብሔርን ምክር ሁሉ ሳያስቀር ነግሯቸዋልና። በቅዳሴያችንም ካህኑ እጁን ታጥቦ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ከውጫዊ እድፍ እጁን እንዳነጻ ከሁላችን ደም ንጹሕ እንደሆነ ያውጃል፤ በድፍረት ወደ ክርስቶስ ሥጋና ደም የሚቀርብ ሰው ዕዳው በራሱ ላይ ነው ይለናል። ጳውሎስም ካህኑም አስቀድመው የሚገባቸውን አድርገዋል፣ ተናግረዋል፣ አስጠንቅቀዋል። ጲላጦስ ግን ማድረግ የሚገባውን በመታጠብ ተካው።

ወደ መስቀሉ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። በዚያች ቀን ራሱን ከደሙ ለማራቅ ያልሞከረ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ይሁዳ ሠላሳውን ብር በቤተ መቅደስ ወረወረ። የካህናት አለቆች «የደም ዋጋ ነውና ወደ መባ ልንጨምረው አልተፈቀደም» አሉ፤ ሰውየውን ለመግዛት የቆጠሩትን ገንዘብ ለመንካት ተጠየፉ። ጴጥሮስ «ሰውየውን አላውቀውም» ብሎ ማለ። ደቀ መዛሙርቱ ሸሹ። ሁሉም በየራሱ መንገድ እጁን ታጥቧል። ክርስቶስ ብቻ የእርሱ ያልሆነውን ዕዳ «የእኔ ነው» ብሎ ተሸከመ። ኢሳይያስ አስቀድሞ የተናገረው ይህንኑ ነው፦ «እርሱ ግን ስለ መተላለፋችን ቈሰለ፣ ስለ በደላችንም ደቀቀ፤ የደኅንነታችንም ተግሣጽ በእርሱ ላይ ነበረ፣ በእርሱም ቍስል እኛ ተፈወስን።» ንጹሑ በደለኛ ተባለ፣ በደለኛው ነጻ ወጣ።

ለዚህ በርባንን ማየት ይበቃል። ማርቆስ በዓመፅ ነፍስ ከገደሉት ጋር ታስሮ እንደ ነበር ጽፏል። እጁ በእርግጥ ደም ነበረበት፤ ሳይታጠብ፣ ሳይከራከር፣ ምናልባትም ምን እንደ ተደረገ በቅጡ ሳይገባው ተፈትቶ ሄደ። ቤዛ የሚለው ትምህርት በሊቃውንት ጉባኤ ከመብራራቱ በፊት በዚያ አደባባይ በዓይን ታይቷል። ሌላው ሰው በእርሱ ፈንታ ሞቷልና በርባን ያን ምሽት በሕይወት አደረ። ክርስቲያን ስለ መስቀል ሲናገር ራሱን የሚያስቀምጠው በርባን በቆመበት ስፍራ ነው።

ደግሞም ሞቱ የጲላጦስ ድካም ያመጣው የፍርድ ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ መሥዋዕት ባልተባለ ነበር። ጌታችን ስለ ነፍሱ ሲናገር «እኔ በፈቃዴ አኖራታለሁ እንጂ ከእኔ ማንም አይወስዳትም» ብሏል። በብሉይ ኪዳን የሚታረደው በግ ተጎትቶ ይመጣ ነበር፤ ሊቀ ካህናቱም በየዓመቱ የእንስሳ ደም ይዞ ይገባ ነበር። በጎልጎታ አቅራቢውም መሥዋዕቱም አንድ ራሱ ሆነ፣ አንድ ጊዜም ፈጸመው። ስለዚህ ደሙ እንደ ሌላው በግፍ የፈሰሰ ደም አይጮህም። የአቤል ደም ከምድር ወደ እግዚአብሔር ሲጮህ ፍርድን ይጠራ ነበር። የዕብራውያን መልእክት ግን የኢየሱስ ደም ከአቤል ደም የሚሻለውን እንደሚናገር ይነግረናል፤ በመስቀል ላይም የተሰማው ድምፅ «አባት ሆይ፣ የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» የሚል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሕዝቡ ለጲላጦስ «ደሙ በእኛና በልጆቻችን ላይ ይሁን» ብለው መመለሳቸው በብዙ ዘመናት አይሁድን ለማሳደድ ሰበብ ሆኗል። ይህ ወንጌሉን ማጣመም ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1965 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የጌታ ሞት በዚያን ዘመን በነበሩ አይሁድ ሁሉ ላይ ሳይለይ፣ ዛሬ ባሉትም ላይ ሊጫን እንደማይገባ አውጃለች። ጥፋቱን በሌላ ሕዝብ ላይ ጭኖ ራስን ንጹሕ ማድረግ የጲላጦስን ውኃ እንደገና መቅዳት ነው። ሐዋርያው ዮሐንስ «ኃጢአት የለብንም ብንል ራሳችንን እናስታለን» ይላል፤ ከዚያው ቃል በላይ ያስቀመጠው ደግሞ «የልጁም የኢየሱስ ክርስቶስ ደም ከኃጢአት ሁሉ ያነጻናል» የሚለውን ነው። ሰው ከደሙ ሸሽቶ አይነጻም፤ በደሙ ይነጻል እንጂ።

ይህን በስቅለት ዕለት በቤተ ክርስቲያን ግቢ የዋለ ሰው በጉልበቱ ያውቀዋል። ከጠዋት ጀምሮ ይሰገዳል። ስድስት ሰዓት ሲሆን የተሰቀለበት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነፍሱን የሰጠበት ይነበባል፤ «ኪርያላይሶን» (አቤቱ፣ ማረን) እየተባለ ሕዝቡ ይወድቃል ይነሣል። ነጠላው በላብ ይርሳል፣ ግንባሩ አፈር ይይዛል፣ መስገድ ያቃታቸው እናቶች ግድግዳ ተደግፈው በአንገታቸው ይሰግዳሉ። ወደ ማታ ካህናቱ የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው ይቆማሉ፤ ምእመኑ ተራ በተራ እየቀረበ ጀርባውን ይሰጣል። ይጠበጠባል፣ እንደ በደሉም ስግደት ይታዘዛል። ሐኪሙም፣ ሹሙም፣ ነጋዴዋም፣ ተማሪውም ያው ሰልፍ ላይ ናቸው። «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ከሰልፉ የሚወጣ አላየሁም።

የዋዜማው ሐሙስም ውኃ አለው። ጌታችን መታጠቢያና ማበሻ ጨርቅ ይዞ ጎንበስ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ፤ አሳልፎ የሚሰጠው ይሁዳም፣ የሚክደው ጴጥሮስም ከታጠቡት ውስጥ ነበሩ። በማግስቱ ጲላጦስ የራሱን እጅ ታጠበ። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ በሥርዓት የምትፈጽመው የሐሙሱን ሕፅበተ እግር ነው።

ጲላጦስስ? በብዙ አገር ስሙ የፈሪ ዳኛ ምልክት ሆኖ ቀርቷል። በ381 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ የጸናው የሃይማኖት ጸሎትም ስሙን ይዞታል፤ በጰንጤናዊው ጲላጦስ ዘመን ስለ እኛ መሰቀሉን በየቅዳሴው እንናገራለን። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን ከዚህ አልፋ ሄዳለች። የቅዱሳን ታሪክ በየዕለቱ የሚነበብበት መጽሐፍ ስንክሳራችን ሰኔ 25 ቀን ጲላጦስንና ሚስቱን አብሮቅላን ያስባል፤ በትውፊቱ መሠረት ኋላ በክርስቶስ አምኖ በሰማዕትነት ሞቷል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ብዙ ሰው ይደነግጣል፣ «የፈረደበትን ሰው?» ይላል። አዎ፣ የፈረደበትን ሰው። አባቶች ይህን ሲጽፉ የአደባባዩን ውኃ በቂ ነው ማለታቸው አይደለም፤ በቂ ቢሆን ኖሮ ማመንም መሞትም ባላስፈለገው ነበር። ያላነጻው ውኃው ነው፤ ያነጻው ራሱ አሳልፎ የሰጠው የዚያ ጻድቅ ሰው ደም ነው።