በጋዝ ደህንነት ቅጣት ላይ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የሜሪላንድ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2016 እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ፍላወር ብራንች የተባለው የኪራይ መኖሪያ በዚያው ከተማ በጋዝ ፍንዳታ ፈረሰ። ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ስለ ጋዝ ኩባንያዎች ቅጣት ቡና ላይ ሲወራ የምሰማው ግን አብዛኛው ስህተት ነው። ያሳስበኛል፤ ሕጉን ያላወቀ ተከራይ አቤቱታውን የት እንደሚያቀርብ አያውቅምና።

«ኩባንያ የሚቀጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። በመንገድ ሥር የሚመጣው ጋዝ ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ ቤት ከመድረሱ በፊት ግፊት በሚቀንስ መሣሪያ ያልፋል። በአሮጌዎቹ መሣሪያዎች ውስጥ ሜርኩሪ አለ፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ትርፉ ጋዝ ሜርኩሪውን ገፍቶ በቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። በፍላወር ብራንች የቆጣሪ ክፍል ውስጥ ግን ከእነዚህ መሣሪያዎች የአንዱ ቱቦ አልተገጠመም ነበር። የቧንቧ አደጋዎችንም የሚመረምረው የአሜሪካ ብሔራዊ ትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2019 እንደደመደመው፣ መሣሪያው ሲበላሽ ጋዙ ወደ ውጭ መውጣቱ ቀርቶ እዚያው ክፍል ውስጥ ተጠራቀመ።

የጋዝ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው የሜሪላንድ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን፣ ለመኖሪያው ጋዝ የሚያቀርበውን ዋሽንግተን ጋዝ የተባለ ኩባንያ 750,000 ዶላር ሲቀጣ መሠረት ያደረገው፣ ኩባንያው እነዚህን የሜርኩሪ መሣሪያዎች ለመቀየር በ2003 የገባውን ግዴታ አለመፈጸሙን ነው። ያልተፈጸመ ግዴታ በራሱ ያስቀጣል። ቅጣቱ ፍንዳታውን ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ብዬ ሳስብ ያንገበግበኛል።

«ጋዝ የፌዴራል መንግሥት ጉዳይ ነው»

በከፊል ብቻ። በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ ዝቅተኛውን መስፈርት ያስቀምጣል። በግዛቱ ውስጥ ያለውን የጋዝ መስመር የሚመረምረውና የሚቀጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የግዛቱ ኮሚሽን ነው።

«ቅጣቱ ለተጎጂዎች ይከፈላል» ወይም «ዞሮ ዞሮ ከእኛው ኪስ ይወጣል»

ለሁለቱም የካሊፎርኒያዋን ሳን ብሩኖ ልጥቀስ። ሴፕቴምበር 9 ቀን 2010 የፒጂ ኤንድ ኢ ኩባንያ የጋዝ ቧንቧ ፈንድቶ ስምንት ሰዎች ሞቱ፣ 38 ቤቶች ወደሙ። ቧንቧው በ1956 የተቀበረ ነበር፤ በኩባንያው መዝገብ መጋጠሚያ የሌለው ተብሎ ቢጻፍም፣ ጉድለት ያለበት የብየዳ መስመር ተገኘበት። የግዛቱ ኮሚሽን በ2015 የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለ። ከዚህ ውስጥ 300 ሚሊዮኑ ወደ ግዛቱ ግምጃ ቤት ገባ፣ 400 ሚሊዮኑ ለደንበኞች ከወርሃዊ ሒሳባቸው እንዲቀነስላቸው ተወሰነ፣ 850 ሚሊዮኑ በባለአክሲዮኖች ወጪ ለቧንቧ ደህንነት ሥራ እንዲውል ታዘዘ። ተጎጂዎች ካሳቸውን ያገኙት በተለየ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። በወንጀል ክሱ ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤት የወሰነው የገንዘብ ቅጣት 3 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። የግዛት ኮሚሽንን አቅም መናቅ እንደማይገባ ከዚህ ይታያል።

«የሚቀጣው ኩባንያው ብቻ ነው»

በገዛ ግቢው አጥር ለመትከል ቁፋሮ ያሰበ ሰውም፣ ሥራ ተቋራጭም አስቀድሞ 811 መደወል አለበት። ጥሪው ነፃ ነው፤ ባለሙያ መጥቶ የጋዙን መስመር መሬት ላይ በቢጫ ቀለም ያመለክታል። ሳያሳውቅ ቆፍሮ ቧንቧ የመታ ሰው ሊቀጣም፣ የጥገናውን ወጪ ሊጠየቅም ይችላል።

«ሸተተኝ ብዬ ብደውል፣ ምንም ባይገኝ ያስቀጡኛል»

ይህን ያሉኝ አንዲት እናት ነበሩ፤ ሽታውን በመስኮት ሊያስወጡ ሞክረው አደሩ። በቅን ልቦና ስለ ሽታ የደወለ ሰው አይቀጣም። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ሲመጣ መብራት ሳትነኩ ወዲያውኑ ውጡ፣ ከሕንፃው ርቃችሁ 911 ወይም የጋዝ ኩባንያውን ጥሩ። የደወላችሁበትን ሰዓት ጻፉና አስቀምጡ፤ ኩባንያው ዘግይቶ ከመጣ ለኮሚሽኑ የምታቀርቡት ማስረጃ እርሱ ነው።