ቤት ውስጥ የሚሠራ ሊፒስቲክ ምንድን ነው? ቀይ ስሩስ ለምን እንቢ ይላል?

ቀይ ስር የላጠ ሰው ያውቀዋል። መዳፉ፣ ጥፍሩ፣ መክተፊያው፣ የነካው ሁሉ ደም መስሎ ይቀራል። አንድ የጾም ቀን ሰላጣ ስሠራ እጄን አየሁና «ይሄ ቀለም ከንፈር ላይ ቢሆንስ?» አልኩ። ቤት የነበረኝን የንብ ሰም ከኮኮናት ዘይት ጋር አቀለጥኩ፣ የጨመቅኩትን የቀይ ስር ውሃ ሁለት ማንኪያ ጨመርኩበትና ማማሰል ጀመርኩ። ባማስለው ባማስለው ቀዩ ውሃ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ከሥር ይሰበሰባል እንጂ አይዋሃድም። ሲረጋ ገልብጬ ሳየው ከላይ ቢጫ ሰም፣ ከታች ቀይ ኩሬ። ግትር ነኝና እንዲያውም በክዳን ዕቃ አድርጌ አስቀመጥኩት። ከሳምንት በኋላ ስከፍተው ሻግቷል።

ሊፒስቲክ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሊፒስቲክ ማለት ሰም ባቆመው ዘይት ውስጥ የተበተነ ደረቅ ቀለም ነው። ሰሙ እንዳይፈስ ይይዘዋል፣ ዘይቱ ከንፈር ላይ ያንሸራትተዋል፣ ቀለሙ ደግሞ እንደ ደቃቅ ዱቄት በመሃላቸው ተንሳፍፎ ይቀመጣል። ሽታው፣ ማብረቂያው፣ የሚያምረው ቱቦ በዚህ ላይ የተጨመረ ጌጥ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ውሃ የሚባል ነገር የለም። የኔ ስህተትም እሱ ነበር፤ ውሃ አስገባሁበት።

ነገሩን ለመረዳት ከወጥ ቤት መውጣት አያስፈልግም። በርበሬ ዘይት ውስጥ ሲቁላላ ዘይቱ ራሱ ይቀላል፤ ወጡ ሲበስል ከላይ የሚንሳፈፈው ቀይ ዘይት ምስክር ነው። የበርበሬ ቀለም ዘይት ወዳጅ ነው። እርድም እንደዚያው ነው፣ አልጫው ላይ ዘይቱን ያስቢጨዋል። ቀይ ስር ግን ሲቀቀል የሚያቀላው ውሃውን ነው። ሰላጣው ላይ የምናፈሰው ዘይት ነጥሎ ሲታይ አይቀላም። የከርከዴም ቀለም የውሃ ወገን ነው። ስለዚህ «የቀይ ስር ጭማቂ ከሰም ጋር ቀላቅሉ» የሚል ምክር ስታዩ ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ ራሳቸው እንዳልሞከሩት ጠርጥሩ። በርበሬውንማ ከንፈር ላይ ሞክሩት የምል ጨካኝ አይደለሁም።

ፋብሪካዎች ይህን ችግር የፈቱት ውሃ ወዳዱን ቀለም ወደ ደረቅ ዱቄት በመለወጥ ነው። ካርማይን የሚባለው ዝነኛ ቀይ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሚገኘው በበለስ ቁልቋል ላይ ከምትኖር ኮቺኒል ከምትባል ትንሽ ነፍሳት ነው። የነፍሳቷ ቀለም ለብቻው ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ከአሉሚኒየም ጋር ሲጣመር ግን ውሃ የማይፈታው ቀይ ዱቄት ይሆናል፣ ሰም ውስጥም ይገባል። ነፍሳቷ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለችም። ከ20 ዓመት በፊት ገደማ ለዚሁ ቀለም ተብላ ከላቲን አሜሪካ ወደ ትግራይ ገብታ ነበር። የታሰበው ቀለም ሳይሆን የበለሱ መጥፋት ሆነ፤ በተለይ በደቡብ ትግራይ ተዛምታ ገበሬውም ከብቱም የሚተማመንበትን በለስ አደረቀችው። ዛሬ ጾመኛ ሆናችሁ ወይም ሥጋ የማትበሉ ሆናችሁ ሊፒስቲክ ስትገዙ ማሸጊያው ላይ «ካርማይን» ወይም 75470 የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ እሷ ናት።

ቤት ውስጥ ታዲያ ምን ዓይነት ቀለም ይሠራል? ቀላሉ የካካዎ ዱቄት ነው። አይሟሟም፣ ግን ደረቅ ስለሆነ ዘይት ውስጥ ይበተናል፤ ለብዙዎቻችን የቆዳ መልክ የሚሄድ ሞቅ ያለ ቡናማ ይሰጣል። ቀይ ለሚፈልግ ለመዋቢያ ተብሎ የተዘጋጀ የአይረን ኦክሳይድ ዱቄት አለ። ይህ የብረት ዝገት ዘመድ ነው፤ ቀይ አፈራችንንም ያቀላው እሱው ነው። ይህን ሰምቶ ጓሮ አፈር የሚቆፍር እንዳይኖር ግን እሰጋለሁ። አፈር ውስጥ ሊድም (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሌላም ከባድ ብረት ሊኖር ይችላል፣ የመዋቢያው ዱቄት ግን ተጣርቶ በላቦራቶሪ የተሠራ ነው። የደረቀና የተፈጨ ቀይ ስርም ይሞከራል፤ ሐመር ያለ ሮዝ ይወጣዋል፣ ትንሽ ይሻክራል፣ ሙቀትም ብርሃንም ያደበዝዘዋል።

ከሁሉም የምወደው ግን ሳጥን ውስጥ የተኛው ነው። ጫፉ አልቆ ቱቦው ሥር የቀረ ሊፒስቲክ የሌላት ሴት አላውቅም። በክብሪት እንጨት ቆርቁራችሁ አውጡት፣ ሽታው ካልተለወጠ አቅልጡት። ቀለሙ አስቀድሞ ተፈጭቶና ተበትኖ ያለቀ ስለሆነ ከማንኛውም ዱቄት የተሻለ ይዋሃዳል። የሦስት ሊፒስቲክ ቅሪት ቀላቅላችሁ ሱቅ ውስጥ የሌለ ቀለም ማግኘት ትችላላችሁ።

ሰሙን በተመለከተ ኢትዮጵያ የታደለች ናት። በዓለም ላይ የንብ ሰም በብዛት ከሚያመርቱ አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ብዙው ሰም የሚመጣው ከጠጅ ቤት ነው። ማሩ በውሃ ሲበጠበጥ ከላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ተገፍፎ ይሰበሰባል፤ እሱ ሲቀልጥና ሲጣራ ሰም ይሆናል። ሰፈፍ ካገኛችሁ በሙቅ ውሃ አቅልጡት፣ በንጹህ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፣ ይቀዝቅዝ። ሰሙ ከላይ እንደ ቂጣ ይረጋል፤ ሥሩ ላይ የተጣበቀውን ቆሻሻ በቢላ ትፍቁታላችሁ፣ ውሃውንም በደንብ አድርቁ። ጧፍ ከሰም ይሠራል ብላችሁ ከሱቅ የገዛችሁትን ሻማ ግን አታቅልጡ። የዛሬ ሻማ በአብዛኛው ከነዳጅ የሚወጣ ፓራፊን ነው፣ ቀለምና ሽታ ቢገባበትም ለአፍ ታስቦ አይደለም። የልጆች ክሬየንም እንደዚያው ነው፤ ልጅ ቢውጠው እንዳይጎዳው መሠራቱ ሌላ፣ ቀኑን ሙሉ ከንፈር ላይ መዋሉ ሌላ።

ከዘይቱ ወገን የሊፒስቲክ ነባር ወዳጅ ጉሎ ነው። የጉሎ ዘይት ወፍራምና የሚያብረቀርቅ በመሆኑ ቀለሙን አንጠልጥሎ ይይዛል፤ ሌላ ዘይት ሲሆን ዱቄቱ ቶሎ ይዘቅጣል። ፍሬው እኛ ቤት ምጣድ ማሰሻ ነው፣ ታውቁታላችሁ። ግን ከፍሬው ራሳችሁ አትጭመቁ። ጥሬው ፍሬ ውስጥ ራይሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አለ፤ ፋርማሲ የሚሸጠው ዘይት ግን ከዚያ የጸዳ ነው። ቅቤስ የምትሉ ትኖራላችሁ። ለጋ ቅቤ ውሃ አለበት፣ ስለዚህ ቶሎ ይበላሻል። ንጥር ቅቤ ውሃው ወጥቶለታል፣ ግን ኮሰረትና ኮረሪማ የሚሸት ከንፈር ይዞ ቢሮ መግባት የራስ ምርጫ ነው።

መጠኑን ልንገራችሁ። 5 ግራም ሰም፣ 4 ግራም ሺአ ቅቤ (ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ስብ) ወይም የካካዎ ቅቤ፣ 11 ግራም የጉሎ ዘይት፣ 2 ግራም ገደማ ቀለም። ሚዛን ከሌለ የተፋቀ ሰም አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ቅቤው አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ዘይቱ ሁለት የሻይ ማንኪያ ከሩብ፣ ካካዎው አንድ የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። አንድ ቱቦ ከ3 እስከ 4 ግራም ስለሚይዝ ለአምስት ወይም ለስድስት ይበቃል። ሰምን እሳት ላይ በቀጥታ አትጣዱ፣ በእሳት ይያያዛል። ድስት ውስጥ ውሃ አሙቁ፣ ሰሙንና ዘይቱን የያዘ ጎድጓዳ የብርጭቆ ሳህን እላዩ ላይ አስቀምጡ። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይቀልጣል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሱም ይተርፋል።

ቀለሙን ዱቄት እንዳለ አትበትኑበት፤ ድቡልቡል ይሠራል። መጀመሪያ ከዘይቱ ጥቂት ጠብታ ወስዳችሁ በማንኪያ ጀርባ ሳህን ላይ ፍጩት፣ ልክ እንደ አዋዜ እስኪለሰልስ። ጣታችሁ መሐል ስታሹት መሻከሩ ሲጠፋ ወደቀለጠው ጨምሩ። ከዚያ አንድ ጠብታ በቀዘቀዘ ሳህን ላይ ጣሉና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ጥፍር ሲነካው ከተሰበረ ሰሙ በዝቷል፣ ጠብታ ዘይት ጨምሩ። ከተለጠፈ ደግሞ ሰም ጨምሩ። ከኮሮና ጊዜ በተረፈው አልኮል የታጠበና የደረቀ አሮጌ ቱቦ ወይም ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ገና ትኩስ ሳለ አፍስሱት።

የምትኖሩበት ቦታ ልኩን ይለውጠዋል። የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ አዲስ አበባ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ያደረው ድሬዳዋ ከሰዓት ውሃ ይሆናል። ዱባይ ወይም ጅዳ ያላችሁ እህቶች ሰሙን ወደ 7 ግራም ከፍ አድርጉ፣ ያለዚያ ቦርሳችሁ ውስጥ ይፈስሳል። ሌላው ነገር ፀሐይ ነው፦ ይህ ሊፒስቲክ ከፀሐይ አይከላከልም። ሎሚ አትጨምሩበት፤ የሎሚ ዘይት ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል። ቀረፋም ከንፈር የሚያሳብጠው ቆዳን ስለሚቆጣ ነው። ከመቀባታችሁ በፊት ክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ ጥቂት ቀብታችሁ አንድ ቀን ተጠባበቁ፣ ማርና የንብ ነገር የሚያስቆጣው ሰው ደግሞ ጨርሶ ይተወው። ውሃ እስካልገባበት ድረስ ስድስት ወር ይቆያል፤ የቆየ ዘይት ከሸተታችሁ ጣሉት።

«ወጥ ቤት የተሠራ መዋቢያ» ሲባል ቀልድ የሚመስለው ካለ፣ ሄዘል ቢሾፕ የምትባል የኒው ዮርክ ኬሚስት በ1950 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣችው የማይለቅ ሊፒስቲክ የተፈተነው በገዛ ቤቷ ወጥ ቤት ነበር፣ ከ300 በላይ ሙከራ አድርጋ። የሷ ዘዴ ከንፈሩን ራሱን የሚያቀልም ነገር መጠቀም ነበር። ይህን ሐሳብ እኛም ከእንሶስላ እናውቀዋለን፤ የእንሶስላ ሥር ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ሲታሰር ቆዳውን ያቀላዋል እንጂ ላዩ ላይ አይቀመጥም። ጃፓኖችም ከሱፍ (በእንግሊዝኛ ሳፍላወር) አበባ፣ ፍሬው ለጾም ሱፍ ፍትፍት ከሚሆነው ከዚያው ተክል፣ ቢጫውን አጥበው ቀዩን ያወጡና በእርጥብ ብሩሽ ከንፈር ይቀቡበታል። እዚያ ውስጥ ሰም የለም፣ ቀለሙም ከውሃ ጋር አይጣላም።

ቀይ ስሩም ቦታው እዚህ ጋር ነው። ሰሙ ውስጥ አታስገቡት። አንድ ቁራጭ ቆርጣችሁ ንጹህና ደረቅ ከንፈር ላይ አሹት፣ እስኪደርቅ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ አንዴ ድገሙት። ከዚያ ቀለም የሌለውን ሰምና ዘይት ከላዩ ቀቡ። የተሸፈነው ቀለም ቡናውን ይችላል። ምሳ ላይ ትኩስ ሾርባ ከቀረበ ግን አብሮ ይሄዳል፤ ሁለተኛ ቁራጭ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ።