ኤኤንፒ ምንድን ነው? ልብ ምቱ ሲዛባ ሽንት የሚበዛበት ምክንያት

ራት ተበልቶ ቁጭ ባሉበት ልብ በድንገት ድው ድው ማለት ይጀምራል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆየ ደግሞ ሽንት ይመጣል። ደርሰው ተመልሰው ገና ሳይቀመጡ እንደገና ይመጣል። የሚወጣው ጠብታ አይደለም፤ ብዙ ነው፣ መልኩም እንደ ውሃ የጠራ። ልብ ሲረጋ ሽንቱም ይረጋል። በማግስቱ ለቤተሰብ ሲነገር የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው፦ «ብርድ መትቶሽ ነው»፣ «ኩላሊትሽን ታዪው»፣ «ደንግጠሽ ይሆናል»።

ነገሩ ብርድም ድንጋጤም ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ መነሻው ኤኤንፒ የሚባል፣ ልብ ራሱ የሚሠራው ሆርሞን ነው።

ልብን የምናውቀው ደም የሚገፋ ጡንቻ እንደሆነ ነው። ቆሽት ኢንሱሊን እንደሚያመነጭ ሁሉ ልብም ሆርሞን ያመነጫል ቢባል ብዙ ሰው ይገረማል። ከአራቱ የልብ ክፍሎች ሁለቱ ላይኞቹ፣ ከሰውነትና ከሳንባ የሚመለሰውን ደም የሚቀበሉት፣ ግድግዳቸው ስስ ነው። ኤኤንፒ በዚህ ስስ ጡንቻ ሕዋሳት ውስጥ ተሠርቶ፣ በጥቃቅን ከረጢቶች ተቋጥሮ ይጠብቃል። 28 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ትንሽ ነገር ነው። የሚለቀቀው ግድግዳው ሲለጠጥ ነው። ለልብ መለጠጥ ማለት ደም ሞልቷል፣ ጨውና ውሃ በዝቷል ማለት ነውና ለኩላሊት መልእክት ይልካል።

መልእክቱ ኩላሊት ሲደርስ ወደ ማጣሪያው የሚገባውን የደም ሥር ያሰፋል፣ የሚወጣውን ያጠባል። ስለዚህ ብዙ ይጣራል። ወደ ደም ሊመለስ የነበረውን ጨው ደግሞ እንዳይመለስ ይከለክላል። ጨው ብቻውን አይወጣም፤ ውሃውን ይዞት ይወጣል። «ልብና ኩላሊትን የሚመረምር» ሲባል ከልጅነታችን ሰምተናል። ሁለቱ አካላት በሥጋም እንዲህ የሚነጋገሩ መሆናቸው እኔን ሁሌም ይደንቀኛል።

ታዲያ ልብ ሲዛባ ምን ይፈጠራል? በጤና ጊዜ፣ ሰው አርፎ ሲቀመጥ፣ ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ላይኞቹ ክፍሎች ቀድመው ይጨመቃሉ፣ በሩ ተከፍቶ ደሙ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ታችኞቹ ተራቸውን ይይዛሉ። ድንገት ተነስቶ ድንገት በሚቆመው ፈጣን ምት ግን ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 220 ይደርሳል። በአንደኛው ዓይነት ደግሞ ላይኞቹም ታችኞቹም በአንድ ጊዜ ይጨመቃሉ። ያን ጊዜ የላይኛው ክፍል የሚገፋው የተዘጋ በር ነው። ደሙ መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ «አንገቴ ሥር ይመታል» የሚሉ ሕመምተኞች የሚሰማቸው ይህ ነው። ግድግዳው ይወጠራል፣ ኤኤንፒ ይፈስሳል፣ ኩላሊት ይታዘዛል። በሰውነት ውስጥ የተትረፈረፈ ውሃ ሳይኖር ውሃ የሚወጣው ለዚህ ነው፤ ልብ የተለጠጠው በውሃ ብዛት ሳይሆን በምቱ መዛባት ነበርና። ላይኞቹ ክፍሎች በደቂቃ ከ350 በላይ በሚርገበገቡበት፣ ምቱም ወጥነት በሚያጣበት ሕመምም፣ በተለይ አልፎ አልፎ እየተነሳ በሚሄደው ዓይነት፣ ይኸው ይታያል።

ይህ እውቀት በቀላሉ አልተገኘም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1956 ተመራማሪው ብሩኖ ኪሽ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የላይኛውን የልብ ክፍል ሲመረምር እነዚያን ጥቃቅን ከረጢቶች አየ። በዚያው ዓመት ሄንሪና ጋወር የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረባቸው ጋር በውሻ የግራ ላይኛ የልብ ክፍል ውስጥ ፊኛ ሲነፉ የውሻው ሽንት ጨመረ። በ1963 በታተመ ጽሑፍ እንግሊዛዊው የልብ ሐኪም ፖል ዉድ የልብ ምታቸው በድንገት የሚፈጥን ሰዎች ብዙ ሽንት እንደሚሸኑ ጻፈ። ሦስቱን ያገናኘው ግን በካናዳ ኪንግስተን ይሠራ የነበረው፣ በትውልዱ አርጀንቲናዊ የሆነው አዶልፎ ደ ቦልድ ነው። በ1981 ባወጣው ሥራ ከአይጥ ልብ ላይኛ ክፍል የተጨመቀውን ፈሳሽ ለሌሎች አይጦች በደም ሥር ሲሰጥ በሽንታቸው የሚወጣው ጨው ከ30 እጥፍ በላይ፣ የሽንቱ መጠን ደግሞ 10 እጥፍ ያህል ጨመረ። ልብ ሆርሞን የሚያመነጭ አካል መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ሁሉም የሽንት ብዛት ግን ከኤኤንፒ አይመጣም። ቶሎ ቶሎ እየመጣ ጥቂት ብቻ የሚወጣና የሚያቃጥል ከሆነ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ በዝቶ ጥማት ከታከለበት ስኳር መለካት ያስፈልጋል። በዕድሜ ገፋ ያሉ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ አለ። ሌሊት በከባድ ማንኮራፋት መካከል ትንፋሹ የሚቆራረጥበት ሰው ደግሞ በየሰዓቱ ለሽንት ሊነሳ ይችላል። ትንፋሽ በታፈነ ቁጥር ልብ ስለሚለጠጥ ያው ኤኤንፒ ይለቀቃል፤ ይህ የእንቅልፍ ችግር የልብ ምት መዛባትንም ያመጣልና ሁለቱ አብረው ቢታዩ አይገርምም።

በአገራችን አንድ ነገር ለብቻው ይነሳ። በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ በሮችን ሊያበላሽ ይችላል፤ የግራው በር ሲጠብ ከበስተኋላው ያለው ላይኛ ክፍል እየሰፋ ይሄድና በወጣትነት ዕድሜ ምት ይዛባል። ከእነዚህ ሕመምተኞች ብዙዎቹ ላሲክስ ይወስዳሉ፤ እሱ ሆን ብሎ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ነው። እዚህ ላይ መንገዱ ይገለበጣል። ከሽንቱ ጋር ፖታሲየም የተባለው ማዕድን አብሮ ይወጣል፣ ፖታሲየም ሲያንስ ደግሞ ልብ ምቱን ይስታል። ስለዚህ ኪኒኑን በራስ ፈቃድ ማቋረጥም ሆነ መጨመር አደገኛ ነው፤ መፍትሔው ሐኪሙን ፖታሲየሙ በየጊዜው እንዲለካ መጠየቅ ነው።

ለልብ ሐኪም የውሃ ሽንት ነገር ማውራት ለብዙዎቻችን ነውር ይመስላል። ሽንቱን ለአንዱ ክሊኒክ፣ የልቡን ድውታ ለሌላው የሚነግር ሰው አለ፤ ሁለቱም ግማሹን ብቻ ሰምተው ይሸኙታል። እባካችሁ ሁለቱንም ለአንድ ሐኪም፣ በአንድ ቁጭታ ንገሩ። ምቱ ሲነሳ ሁለት ጣት የእጅ አንጓ ላይ አድርጎ 30 ሰከንድ መቁጠርና በሁለት ማባዛት፣ ወጥ ነው ወይስ የተዘበራረቀ የሚለውን ማስተዋል፣ ስንት ሰዓት እንደጀመረና እንደቆመ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተሸና መጻፍ ይጠቅማል። ከዚያ በፊት ቡና ተጠጥቶ እንደሆነም ይጻፍ፤ ከአቦል እስከ በረካ የተቀመጠ ሰው በቡናው ብቻም ሽንቱ ሊበዛ ይችላል። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ የሚጠቅመው ድውታው በመጣበት ሰዓት ሲሠራ ስለሆነ፣ ቶሎ የሚያልፍ ከሆነ ሰውነት ላይ ተለጥፎ 24 ሰዓት የሚመዘግብ መሣሪያ ይታዘዛል።

ሽንት በዛ ብሎ ውሃ መጠጣት መተው ግን አይገባም፤ የወጣው ትርፍ ውሃ ስላልነበረ ሰውነት ይደርቃል። ከድውታው ጋር ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ማስታወሻውን ለመጻፍ አይቆይም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።